ትርፍ ውሃ በየት ይውጣ? የፈሰስ ነገር በጮቄ ተዳፋት

በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ሮብ ገበያ የደረሰ ሰው፣ የስናን ወረዳን ተዳፋት እርሻዎች ሰያፍ የሚቆርጡ ጠለቅ ያሉ መስመሮችን ያያል። ገብሱ ወይም ስንዴው ከተዘራ በኋላ የሚወጡ ናቸው፤ ፈሰስ ይባላሉ። ገበሬው የበተነውን ዘርና ማዳበሪያ፣ የለፋበትንም አፈር ከጎርፍ የሚያስጥልበት የመጨረሻ ሥራው ነው። ይህንኑ ሥራ የግብርና ባለሙያው ይነቅፈዋል፤ ተመራማሪው የቦረቦር መነሻ ነው ይለዋል፤ ከግርጌ ያለው ጎረቤት ሽማግሌ ይጠራበታል። ገበሬው ግን በየዓመቱ ያወጣዋል።

ለምን እንደሚያወጣው፣ ምን እንደሚያስከትል፣ ባለፉት 40 ዓመታት በምትኩ ምን እንደተሞከረ ማየት የጎጃምን ደጋ የግብርና ጥያቄ ግማሹን እንደ ማየት ነው። በእኔ እምነት ከፈሰስ እስከ እርከን፣ ከእርከን እስከ ተሻሻለው ማረሻ የተሞከረው ሁሉ የተሰናከለው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ መውጫው ላይ። ውሃን ከማሳ ማስወጣት የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ውሃው ከወጣ በኋላ በየት በኩል፣ በማን መሬት ላይ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ፈሰስ የሚወጣው በዚያው በማረሻ ነው። ገበሬው ዘሩን አልብሶ ሲጨርስ፣ በሬዎቹን ከመፍታቱ በፊት ማሳውን በዓይኑ ይቃኘዋል። አምና ደለል የተኛበትን፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ የቀረበትን፣ ከላይኛው ማሳ ውሃ ሰብሮ የገባበትን ቦታ ያውቃል። ከዚያ ማረሻውን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ይጫንና ከማሳው አንድ ጥግ ወደ ሌላው፣ ከተዳፋቱ ጋር ሰያፍ፣ አንድ ረጅም ትልም ይከፍታል። በአንድ ጉዞ ካልጠለቀለት ይመለስበታል፤ የወጣውን ጓል በዶማ ወደ ታችኛው ዳር ይከምረዋል። እንደ ተዳፋቱና እንደ አፈሩ ሁለት ወይም ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወጣል። ብልህ ገበሬ አምና ባወጣበት ቦታ ዘንድሮ አይደግምም፤ ፈሰስ በተደጋገመበት ቦታ እየጠለቀ ሄዶ በእርሻ የማይደፈን ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚለፋው ወዶ አይደለም። ደብረ ማርቆስ በዓመት በአማካይ ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። የሰኔው ዝናብ የደረቀውን አፈር ያጠጣል። ሐምሌ ሲጋመስ አፈሩ ይጠግብና ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ የሚገባበት ያጣል። ያን ጊዜ የገብሱ ሥር አየር ያጥረዋል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከፊሉ በውሃ ይታጠባል፣ ከፊሉ ወደ አየር ይበናል፤ ቅጠሉም ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይመጣል። በጤፍ ማሳ ደግሞ ጎርፉ ይብሳል። ለጤፍ ማሳው ልሞ፣ ብዙ ጊዜም በከብት ተረግጦ ስለሚዘራ የውሃውን ጉዞ የሚያሰናክል ጓል አይቀርለትም። በሮብ ገበያ ዙሪያ በብዛት የሚተከለው ድንች ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ መደቡ ቁልቁል ከወረደ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ ሁሉ ፈሰስ ይሆናል፣ አግድም ከሄደ ደግሞ መውጫ ያጣው ውሃ ተኝቶ ድንቹን ያበሰብሰዋል።

ስለዚህ ፈሰስን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ተሳስተዋል እላለሁ። ሰያፍ መሆኑ ራሱ የብዙ ትውልድ ስሌት ነው። የቦይ ቁልቁለት አራት እጥፍ ሲጨምር የውሃው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ አፈር የመሸከም ኃይሉ ግን ከፍጥነቱ በብዙ በልጦ ያድጋል። ቀጥ ብሎ የወረደ ቦይ መሬቱን ይቆርጠዋል። አግድም የሄደ ቦይ ደለል ይሞላውና አንድ የሐምሌ ሌሊት ሰብሮ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ገበሬው በዓይኑ ይለካል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያገኘዋል።

ከማሳው ዳር በኋላ ያለውን ግን ሊለካው አይችልም፤ የእሱ አይደለምና። ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ካሉ ማሳዎች የወጡ ፈሰሶች አንድ የከብት መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ያ መንገድ በጥቂት ክረምት ውስጥ ከብት የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል። በየማሳው ያለው ትልም ትንሽ ነው፤ መዓቱ የሚመጣው ትንንሾቹ ተሰብስበው አንድ መውረጃ ሲጋሩ ነው። የቤልጅየምና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ኤሊዝ ሞንስየር፣ እንየው አድጎና ጃን ኒሰን፣ ከጣና በስተምሥራቅ በዋንዛዬ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጡ ይህንኑ በልኬት አሳይተዋል። በፈሰስ የሚጠነፈፉ ማሳዎች ግርጌ ቦረቦር ለመጀመር የሚበቃው የተፋሰስ ስፋት፣ የድንጋይ እርከን ካላቸው ማሳዎች ግርጌ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ዓይነት ተዳፋትና ዝናብ እያለ ፈሰሱ ቦረቦሩን ወደ ላይ፣ ወደ እርሻው ያቀርበዋል።

ይህን ውጤት ይዞ ለገበሬው «ፈሰስ አታውጣ» ማለት ቀላል ነው። ቃሉን ሰምቶ ሳያወጣ ቢቀር ግን ዘሩን የሚመልስለት የለም። አንድ ጥማድ በሬና አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ማሳ ያለው ሰው የዘንድሮውን ገብስ ትቶ የዛሬ ሃያ ዓመቱን ቦረቦር እንዲፈራ መጠየቅ፣ የጋራውን ጉዳት ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ነው።

ከዚህ ላይ ነገሩ ከአፈርና ከውሃ ወጥቶ ወደ መሬት ይዞታ ይገባል። ጎጃም የርስት አገር ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። በየክፍፍሉ መሬቱ እየጠበበ፣ ወሰኑ እየበዛ መጣ። ከላይ ያለውን ቀጭን አፈርና ከታች ያለውን ደለል ለሁሉም እኩል ለማድረስ ሲባል ማሳ በቁመቱ ቁልቁል ሲሸነሸን፣ ወሰኑም ቁልቁል ይወርዳል። ወሰን ላይ ማንም አያርስም፤ ሁሉም ግን ውሃውን ወደዚያ ይመራል። ሄርመን ስሚት፣ ራሔል ሙጬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ጮቄ ቦረቦሮች ባሳተሙት ጥናት የተነሱትም ከዚህ ነው፤ የውሃ መውረጃው መልክ ከመንግሥት አስተዳደርና ከመሬት ክፍፍል ታሪክ ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል ይከራከራሉ። ስለ ፈሰስ ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ የገበሬውን ችግር በትክክለኛው ቦታው ያስቀመጠው ይህ ይመስለኛል።

ልብ የሚባል ሌላም ነገር አለ። በበጋ መስኖ ባለበት ቀበሌ የውሃ አባት ይመረጣል፤ ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል። ውሃ ሲያንስ ዳኛ አለው። ውሃ ሲተርፍ ግን እንዲህ ያለ ሹመት የተለመደ አይደለም። ከላይ ያለው «ውሃ መቼም ወደ ታች ነው የሚሄደው» ይላል፤ ከታች ያለው «በእኔ ገብስ ላይ አይደለም» ይላል፤ ሽማግሌ ለዚያ ዓመት ያስታርቃቸዋል። በሚቀጥለው ሐምሌ ነገሩ እንደገና ይነሳል።

መንግሥትና ለጋሾች ያመጡት ዋናው መልስ እርከን ነው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ መሪነት፣ በበርን ዩኒቨርሲቲና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር ሲቋቋም ከመረጣቸው ጣቢያዎች አንዱ ከደምበጫ በስተሰሜን የሚገኘው አንጀኒ ነበር፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተፋሰሱ ላይ ፋኒያ ጁ የሚባለው ከኬንያ የመጣው እርከን ተሠራ። ቦዩ ከታች ይቆፈራል፣ አፈሩ ወደ ላይ ይጣላል፣ ከዓመታት በኋላ በእርከኖቹ መካከል ያለው መሬት እየተደለደለ ይሄዳል። አፈር በማቆየት ረገድ የተሳካ ነበር፤ አንጀኒን ዛሬ ያየ ሰው ይህን አይክድም።

ካርል ሄርቬግና ኤፋ ሉዲ እ.ኤ.አ. በ1999 የፕሮጀክቱን ጣቢያዎች ውጤት አሰባስበው ሲያወጡ ግን አንድ የማያስደስት ነገር አብሮ መጣ። ዝናብ በበዛበት ደጋ እርከኑ አፈሩን ያቆያል፤ ውሃውንም አብሮ ያቆየዋል። ከእርከኑ ጀርባ የሚተኛው ውሃ እህሉን ያፍነዋል። እርከኑና ቦዩ የያዙት መሬት ከእርሻው ይቀነሳል። ስለዚህ አፈሩ ቢተርፍም ምርቱ ቶሎ አይጨምርም። ገበሬው ይህን ያየው ከጥናቱ በፊት ነው። እርከኑን በአንድ ቦታ ይንደውና ውሃውን ያስወጣል፤ በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ከፈሰሱ የባሰ ይቦረቡራል። «ገበሬው እርከን አፈረሰ» እየተባለ የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ማድረጉ ነው፤ ያደረገው ግን መውጫ ላልተሠራለት ግድብ መውጫ መክፈት ነው።

ለዚህ ከተሰጡት መልሶች ይበልጥ የሚማርከኝ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በእነራታ የተሞከረው ነው። መለሰ ተመስገንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ይህ ሙከራ የተነሳው ከማረሻው ነው። በባህላዊው አስተራረስ ገበሬው አንድ ጊዜ አግድም፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል እያለ አቋርጦ ያርሳል፤ እርከን ባለበት ጠባብ ማሳ ይህ በሬውንም ሰውየውንም ያስቸግራል፣ ቁልቁል የወረደው ትልም ደግሞ ውሃውን ሰብስቦ እርከኑ ላይ ያጋጨዋል። እነርሱ ማረሻውን ክንፍ አበጅተውለት ከታረሰው አፈር በታች ያለውን ጠጣር አፈር እንዲሰነጥቅ፣ እርሻውም ሁልጊዜ አግድም እንዲሆን አደረጉ። በ5 ገበሬዎች ማሳ ላይ ከነባሩ አስተራረስ ጋር ሲነጻጸር፣ ከላይ የሚሄደው ጎርፍ በስንዴ ማሳ በ48 በመቶ፣ በጤፍ ማሳ በ15 በመቶ ቀነሰ። ከእርከኑ ጀርባ የሚተኛው ውሃም በግልጽ ቀነሰ። የስንዴው ምርት 35 በመቶ፣ የጤፉ 10 በመቶ ጨምሯል፤ ነገር ግን የገበሬዎቹ ማሳዎች ለምነት በጣም የተራራቀ በመሆኑ ጭማሪው በስታቲስቲክስ ሚዛን አልጸናም። ይህን ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ሙከራውን ያስከብረዋል።

የእነራታው ሙከራ ትልቅ ነገሩ ውሃው ማሳው ውስጥ ሳለ ነገሩን መጀመሩ ነው። ወደ አፈሩ የጠለቀ ውሃ መውጫ አይፈልግም። እንዲያም ሆኖ ነሐሴ ላይ አፈሩ ጠግቦ ሲያበቃ የሚተርፈው ውሃ አሁንም መንገድ ይሻል፤ 48 በመቶ መቀነስ ማለት ከግማሽ በላይ ይቀራል ማለት ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ጥርና የካቲት ላይ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በሰው ጉልበት ብዛት ከሁሉም ይበልጣል። ሕዝቡ ወጥቶ በነፃ የሠራው ሥራ ነው፤ ላቡን አለማክበር ነውር ነው። ነገር ግን ዘመቻው የሚለካው በተሠራ እርከን ኪሎ ሜትር ነው። የእርከኖቹን ውሃ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያወርደው መፋሰሻ በኪሎ ሜትር ሲቆጠር ትንሽ ነው፤ ሲሠራ ግን ብዙ ድርድር ይጠይቃል፣ ምክንያቱም የግድ በአንድ ሰው መሬት ላይ ያልፋል። ስለዚህ እርከኑ ይቀድማል፣ መፋሰሻው ይዘገያል፣ አንዳንድ ቦታም ይቀራል። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ የሚለው በተቃራኒው ነው። ዝናብ በበዛበት አገር እርከኑ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ቁልቁለት ተሰጥቶት ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ መፋሰሻ እንዲያደርስ፣ መፋሰሻውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሳር እንዲለብስ ይመክራል። ችግሩ የዕውቀት እጥረት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ በሥራ ላይ ተገልብጦ መገኘቱ ነው።

ከስናን ቀይ አፈር ወረድ ሲባል፣ በደጀንና በብቸና በኩል ያለው ጥቁር አፈር ይጠብቃል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ይህ አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ሴቶችና ልጆች ጭምር በእጃቸው አፈር እየዛቁ ሰፊ መደብ ያበጁለት ነበር። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በምሕጻሩ ኢልካ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን የእነዋሪ ጥበብ አይቶ ሁለት ማረሻ አጣምሮ የሚጎተት የሰፊ መደብ ማውጫ ሠራ፦ መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር። ውሃው ቶሎ ስለሚወጣ ስንዴ በክረምቱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው መዘራት ቻለ፤ ይህ ለምርት ትልቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም መሣሪያው ለበሬ ከበደ። ከዚያም በላይ በየማሳው የወጡት ቦዮች ተሰብስበው የሚገቡበት የጋራ ቦይ ስላልነበረ የላይኛው ገበሬ ማሳ ሲደርቅ የታችኛው ሐይቅ ሆነ። ወሬው ያው ነው፤ ብዙ አልቆይበትም።

መውጫን አስቀድሞ ማሰብ የእኛ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ሰው አገር ያሉ ወገኖቻችን ይመሰክራሉ። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በኤድመንተን ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ቤቱ ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ አለው። በቤዝመንቱ ወለል ጥግ ከመሠረቱ ሥር የሚመነጨውን ውሃ የሚሰበስብ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ፓምፕ ውሃው ከፍ ሲል ተነስቶ በቧንቧ ወደ ግቢ ይገፋዋል። በጥርና በየካቲት ብርድ ፓምፑ ደህና ሆኖ ቤቱ በውሃ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ከግድግዳው ውጭ ያለው ቧንቧ መደፈኑ ነው። ፓምፑ በየጊዜው የሚልከው ውሃ ትንሽ ነው፤ በቧንቧው ጎድጓዳ ቦታ የቀረው ይበርዳል፣ ቀጥሎ የመጣው በላዩ ላይ ይበርዳል፣ እንዲህ እየተደራረበ አፉን ይዘጋዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቧንቧውንም ሊሰነጥቀው ይችላል። መሬቱም ቢሆን እስከ ጥልቁ ድረስ በረዶ ይሆናል፤ የሚኒሶታ የግንባታ ደንብ የቤት መሠረት በደቡቡ ክፍል ቢያንስ 42 ኢንች፣ በሰሜኑ 60 ኢንች እንዲጠልቅ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

እዚያ ያሉ ባለሙያዎች የሚመክሩት ፓምፑን ማጠንከር አይደለም። የውጩ ቧንቧ ከግድግዳው ጀምሮ አንድም ጎድጓዳ ሳይኖረው ወደ ታች እንዲያዘነብልና ፓምፑ ሲቆም ራሱን ባዶ እንዲያደርግ፣ በበጋ የሚቀጠለው ተጣጣፊ ቱቦ ከብርዱ በፊት እንዲነቀል፣ ውጭ ላይ ቧንቧው ሰፋ እንዲል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከግድግዳው እንደወጣ ማምለጫ ክፍተት እንዲኖረው ይመክራሉ። ጫፉ ቢዘጋ ውሃው በዚያ ይወጣል እንጂ ወደ ቤት አይመለስም። በብዙ ከተሞች ውሃውን ወደ ፍሳሽ መስመር መልቀቅ በደንብ የተከለከለ ነው፤ የጎረቤት ደጅ ላይ ወይም የእግረኛ መንገድ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ በረዶ ሆኖ ሰው ይጥላል። እንግዲህ እዚያም ክርክሩ የመውጫ ነው፤ ጎረቤትም አለበት።

ጮቄ ላይ መሬት እንዲያ አይቀዘቅዝም። ውርጩ የአንድ ሌሊት ነው፤ ማለዳ በሣሩ ላይ የነጣው ፀሐይ ከፍ ሲል ይጠፋል። ስለዚህ የእኛን ቦይ የሚዘጋው በረዶ ሳይሆን ደለል ነው። ቀዝቃዛ አየር ግን እንደ ውሃ ሁሉ ከብዶ ወደ ታች ይወርዳልና መውጫ ባጣበት ጎድጓዳ መሬት ይተኛል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ከዳገቱ ይልቅ የሸለቆው ድንች ቀድሞ የሚመታው ለዚህ ነው።

ወደ ቦረቦሩ ልመለስ። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በደብረ ማዊ፣ የኮርኔልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ቦረቦር ሲለኩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናታቸው ያሳየው፣ ቦረቦር የሚሰፋው ከላይ በሚመጣ ጎርፍ ብቻ አለመሆኑን ነው። በሸለቆው ግርጌ የከርሰ ምድር ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲቆም፣ ግድግዳው ከሥር ረጥቦ ይላሽቅና ይናዳል። ይህ ለፈሰስ ክርክር ከባድ ትርጉም አለው። ከላይ ያለውን ውሃ ሁሉ ወደ አፈር ካጠለቅነው፣ በግርጌ ባለው ረግረግ መሬት በሌላ መልኩ ይወጣል። ስለዚህ ለተዳፋቱ ወገብ የሚበጀው ለግርጌው ላይበጅ ይችላል፤ የግርጌው ቦረቦር ግንባሩ በድንጋይ ተደላድሎ፣ ግድግዳው ጋደል ብሎ፣ ሳርና ዛፍ ለብሶ መያዝ አለበት። በተዳፋቱ ሁሉ ላይ አንድ መፍትሔ የሚያዝዝ ሰው ይህን አላየም።

የወልደአምላክ በውቀትና የጌርት ስተርክ የጨሞጋ ጥናት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ጨሞጋ ከጮቄ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፍ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ያለውን የወንዙን መዝገብ ሲመረምሩ የክረምቱ ፍሰት ያን ያህል አልተለወጠም፤ የበጋው ግን ተመታ። በታኅሣሥ ዝቅተኛው የቀን ፍሰት በሴኮንድ ከ0.6 ሜትር ኩብ ወደ 0.2፣ በየካቲት አካባቢ ከ0.4 ወደ 0.02 ወረደ። በእርግጥ በዚያ ወር ዝናቡም ቀንሷል፤ ባሕር ዛፉ፣ የእርሻው መስፋፋት፣ የሚቀዳው ውሃ ሁሉ ድርሻ አለው። ይህን ሁሉ በፈሰስ ላይ ማላከክ ስሕተት ይሆናል። ቢሆንም ሐምሌ ላይ «ትርፍ» ብለን የምናባርረውና የካቲት ላይ የሚጠማን ውሃ አንድ መሆኑን እነዚህ ቁጥሮች ያሳያሉ። ስለዚህ መውጫ ስል ውሃውን በፍጥነት የሚያባርር ማለቴ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በየደረጃው የሚያርፍ፣ በመንገዱ ላይ ጥቂት የሚሰርግ ማለቴ ነው።

ከተማው ከዚህ ክርክር ነፃ አይደለም። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ቤት 30 ሚሊ ሜትር የወረደበት ቀን 1,800 ሊትር ውሃ ያወርዳል፤ ዘጠኝ በርሜል ነው። ሳር ክዳን የነበረ ጊዜ ጣሪያው ጥቂቱን ይዞ ያስቀር ነበር፤ ቆርቆሮ አንድም አያስቀርም። እንደ ሮብ ገበያ ያለ የተዳፋት ከተማ ሲያድግ የየጣሪያው ውሃ ወደ መንገድ፣ የመንገዱ ውሃ ወደ ካልቨርት፣ ከካልቨርቱ የወጣው ደግሞ ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ይገባል። ጃን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በትግራይ የመቀሌ–ዓድዋን መንገድ ተከትለው ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ መንገዱ የሰበሰበው ጎርፍ ከካልቨርት በታች አዳዲስ ቦረቦሮችን ወልዷል። መንገድ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሥራው ከካልቨርቱ አፍ ላይ ያለቀ ከመሰለው፣ ጉዳቱ ከመቶ ፈሰስ ይበልጣል። በግቢ ደረጃ ግን ቀላል ነገር አለ። አሸንዳ ሰቅሎ ከሥሩ በርሜል ወይም ታንከር ማስቀመጥ ለወጥ ቤት ውሃም ይሆናል፣ ጓሮውንም ያድናል፤ ከበርሜሉ ሞልቶ የሚፈሰው በየት እንደሚሄድ እስከታሰበበት ድረስ።

ለስናን ተዳፋት ከዚህ ሁሉ የማወጣው ነገር ከመውጫው መጀመር ነው። አንድ ንዑስ ተፋሰስ ላይ ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ዓመት ጉልበት እርከን ላይ ሳይሆን መፋሰሻው ላይ ይዋል። ሰፊና ጠፍጣፋ ይሁን፣ ቁልቁለቱ በበረታበት በድንጋይ ክትር ደረጃ ይበጅለት፣ ሰርዶ ወይም ዴሾ ሳር ይልበስ፣ ሥሩ እስኪይዝ ሁለት ክረምት ውሃ አይለቀቅበት። ከዚያ እርከኑ፣ ከእርከኑ ጋር አግድም እርሻው፣ ፈሰስም ካስፈለገ ወደዚያው የሚያዘነብል ፈሰስ ይቀጥላል። ለክረምቱም እንደ መስኖው ሁሉ የውሃ አባት ይመረጥለት፤ ቦዩን በወንፈል የሚያስጠርግ፣ ደለል የደፈነውን የሚያስከፍት።

የመሬቱ ነገር ግን ሳይነካ አይታለፍም። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መፋሰሻ ርዝመቱም ወርዱም 50 ሜትር በሆነ አንድ ቃዳ ማሳ ላይ ሲያልፍ 150 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ከሰውየው እርሻ 6 በመቶ ነው። ጥቅሙ ከላይ ላሉት ስድስት ወይም ሰባት ገበሬዎች ነው፣ ጉዳቱ የእሱ ብቻ። የመፋሰሻውን ሳር አጭዶ መውሰድ ለእሱ ቢፈቀድ ጥቂት ይክሰዋል፤ በበጋ መኖ በሚጠፋበት በዚያ ደጋ ሳር ዋጋ አለው፣ ሳሩ የእሱ ከሆነም ከብት አያስገባበትም፣ ቦዩን ይጠብቀዋል። ሳሩ የማይበቃ ከሆነ ከላይ ያሉት በመኸር ጊዜ ከእህላቸው እንዲያዋጡለት ቀበሌው ባለበት ተዋውለው መፈራረም አለባቸው። ውሉ ዶማ ከመነሳቱ በፊት ማለቅ ይኖርበታል፤ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ካሳ ብዙ ጊዜ አይደርስምና፣ ያላገኘ ሰው በመጀመሪያው ሐምሌ መፋሰሻውን መልሶ ያርሰዋል።